ውኃ የመራው መንገድ
(በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ ስላለችው ስለ ማሪ መንደር የተደረገ ምልልስ። ተናጋሪዎቹ አደሌድ ከተማ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርና የውኃ መሐንዲስ የሆነች የእህታቸው ልጅ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ በቅርቡ ማሪ ደርሰው መጡና «ምንም የለም፤ አንድ ሆቴል፣ የዛጉ ባቡሮችና አቧራ ብቻ» አሉኝ። እኔም ለሥራ ወደዚያ ልሄድ ነው። እርስዎ ደግሞ ስለዚያች መንደር ማውራት ከጀመሩ አይጠግቡም። መቶ ሰው መሙላቷ እንኳ የሚያጠራጥር ቦታ ምን ያህል ታሪክ ይኖራታል?

መምህሩ፦ «ምንም የለም» ሲባል ደስ አይለኝም፣ ልጄ። ይህ አህጉር ከባለቤቶቹ እጅ የወጣው «ምንም የለም፣ ማንም የለም» እየተባለ ነው። ማሪ በሰው ቁጥር ትንሽ ትሁን እንጂ ነጮቹ ወደ አውስትራሊያ መሐል አገር የገቡት በዚያ በር ነው። አሳሹም፣ ግመሉም፣ ባቡሩም፣ የከብቱ መንጋም በዚያ በኩል ነው ያለፈው። ይህ ሁሉ ሰፊ ሜዳ እያለ ለምን በዚያ በኩል ብቻ? ይህን ጥያቄ ከመለስን የቀረውን ታሪክ መናገር ቀላል ነው።

መሐንዲሷ፦ እሺ፣ ከካርታው ይጀምሩልኝ።

መምህሩ፦ ከአደሌድ ተነሥተሽ በመኪና ወደ ሰሜን 685 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄጃለሽ። የፍሊንደርስ ተራሮችን በቀኝ ትተሽ ካለፍሽ በኋላ ምድሩ ሜዳ፣ ጠጠርና ቁጥቋጦ ይሆናል። ማሪ ስትደርሺ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ሰሜን በረሃውን ሰንጥቆ 517 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ በርድስቪል ይገባል። ሁለተኛው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ኡድናዳታ ይሄዳል። መንደሯ የተቀመጠችው መንታ መንገዱ ላይ ነው። ዝናቧ በዓመት 160 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም ቢሆን አንዱን ዓመት ጎርፍ፣ ሌላውን ዓመት ጠብታ ሆኖ ነው የሚመጣው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው።

በርድስቪል መንገድ ላይ ትንሽ እንደ ተጓዝሽ ደግሞ የዲንጎ አጥር የሚባለውን ታቋርጫለሽ። ዲንጎ የዱር ውሻ ነው፤ በግ ይፈጃል። አጥሩ 5,600 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከአጥሩ በስተ ደቡብ በግ ይረባል፤ በስተ ሰሜን የቀንድ ከብት ብቻ። ስለዚህ ማሪ በሁለት ዓይነት ኑሮ ድንበር ላይም ናት ማለት ነው።

መሐንዲሷ፦ ሐይቁስ? ካርታው ላይ ከማሪ በላይ ትልቅ ሰማያዊ ነገር ይታያል።

መምህሩ፦ ሰማያዊ ቀለም መቀባቱ ያሳስታል። ካቲ ታንዳ - ሐይቅ ኤር ይባላል፤ ወለሉ ከባሕር ወለል 15 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። በአውስትራሊያ ከዚያ የሚያንስ መሬት የለም። የአህጉሩ አንድ ስድስተኛ ያህል ውኃው ቢሞላ የሚፈስሰው ወደዚያ ነው። ዲያማንቲናና ኩፐር ክሪክ የሚባሉት ወንዞች ከኩዊንስላንድ ይነሡና፣ የእኛ አዋሽ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ እንደሚቀር፣ እነሱም እዚያው በረሃ ውስጥ ይቀራሉ። አብዛኛውን ዓመት የምታዪው ነጭ የጨው ወለል ነው። በ1964 ዶናልድ ካምፕቤል የተባለ እንግሊዛዊ በሰዓት ከ648 ኪሎ ሜትር በላይ መኪና ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው እዚያ ጨው ላይ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ያው ወለል በተመዘገበ ታሪኩ ያልታየ ያህል ውኃ ሞልቶ ባሕር መስሎ ነበር።

መሐንዲሷ፦ እንግዲህ ከላይ የሚዘንበው ይህን ያህል ነው፤ የሚተነው ደግሞ ብዙ እጥፍ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ሊኖር የሚችለው ከሥር ሲመጣለት ብቻ ነው። እዚህ ላይ እኔ ልናገር፣ ጋሼ፤ የራሴ ሙያ ነውና።

መምህሩ፦ ተናገሪ፤ እሱን ስጠብቅ ነበር።

መሐንዲሷ፦ ከዚያ ምድር በታች ታላቁ የአርቴዥያን ተፋሰስ አለ። ስፋቱ 1.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአህጉሩ አንድ አምስተኛ ይበልጣል። በምሥራቅ ተራሮች የዘነበው ዝናብ አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ፣ በዓመት ከጥቂት ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ከላዩ ውኃ የማያሳልፍ ድንጋይ ስለተጫነው ታምቆ፣ ግፊት ይዞ ይቆያል። ማሪና ኡድናዳታ ያሉበት የተፋሰሱ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ ነው፤ እዚያ ያ ሽፋን ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፤ ውኃውም ራሱን ችሎ ይወጣል። አንዳንዱ ውኃ እዚያ ለመድረስ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ሲወጣ የያዘውን ማዕድን ከአፉ ዙሪያ ስለሚያስቀምጥ ምንጩ በጊዜ ብዛት ጉብታ ይሠራል፤ ከጉብታው አናት ላይ ኩሬ ይታያል። ብላንች ካፕና በብለር የሚባሉት የታወቁ ናቸው። በሌላ በየትም የዓለም ክፍል የማይገኙ ደቃቃ ቀንድ አውጣዎች በእነዚያ ኩሬዎች ይኖራሉ፤ ዙሪያው በረሃ ስለሆነ ከምንጭ ወደ ምንጭ መሻገር አቅቷቸው ለየብቻቸው የተለወጡ ፍጥረታት ናቸው።

መምህሩ፦ አሁን እነዚያን ምንጮች ካርታው ላይ አንድ በአንድ ነጥብ አድርጊባቸው። ከማሪ ተነሥተው የሐይቁን ደቡብ ዳር ይዘው ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚታጠፍ እንደ ቀስት የጎበጠ መስመር ይሠራሉ። ያ መስመር መንገዱ ነው። ማንም ኢንጂነር አልነደፈውም።

መሐንዲሷ፦ የታሪክ መጻሕፍት ግን መንገዱን ያገኘው አሳሹ ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ነው ይላሉ።

መምህሩ፦ ስቱዋርት ጎበዝ ተጓዥ ነበር፤ ክብሩን አልነፍገውም። በ1859 ወደዚያ ሲመጣ አብሮት ጆሴፍ ሄርጎት የሚባል ጀርመናዊ ነበር፤ ማሪ አጠገብ ያሉት ምንጮች በእሱ ስም ተጠሩ። በ1862 ስቱዋርት ከምንጭ ወደ ምንጭ እየተጓዘ ሰሜን ባሕር ድረስ ዘልቆ ተመለሰ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1872፣ ከአደሌድ እስከ ሰሜኑ ወደብ ዳርዊን የቴሌግራፍ ሽቦ በሱ ዱካ ተዘረጋ፤ በመርከብ ሳምንታት ይፈጅ የነበረ የለንደን ወሬ በሰዓታት ይገባ ጀመር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ስቱዋርት የረገጠው ያልተረገጠ ምድር አልነበረም። የአረባና ሕዝብ እያንዳንዱን ምንጭ በስሙ ያውቀዋል፤ የየራሱ ታሪክም አለው። በስተ ምሥራቅ የኩፐር አገር ሰዎች የሆኑት ዲዬሪዎች ለሥርዓታቸው የሚሆን ቀይ አፈር ለማምጣት እስከ ፍሊንደርስ ተራሮች ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይወርዱ ነበር። ፒቱሪ የሚባለው እንደ ትምባሆ የሚታኘክ ቅጠል ደግሞ ከኩዊንስላንድ በንግድ ወደ ደቡብ ይመጣ ነበር። ገበያ ነበረ፣ መንገድ ነበረ፣ የውኃ ጉድጓድና ምንጭ ቆጥሮ የመጓዝ ዕውቀት ነበረ። ስቱዋርት ያደረገው ያንን መንገድ ወደ ወረቀት ማስገባት ነው።

መሐንዲሷ፦ ታዲያ መንደሯ መቼ መንደር ሆነች?

መምህሩ፦ ባቡሩ ሲመጣ። ቦታው በ1883 ተሸነሸነ፤ ዛሬም የቆመው ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ሆቴል የዚያ ዘመን ሥራ ነው፤ ሐዲዱ በ1884 ደረሰ። ሰዉ ሄርጎት ስፕሪንግስ ይላት ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ስም ከካርታው ሲፋቅ፣ ከ1918 ወዲህ ማሪ ብቻ ሆና ቀረች። ግን ከባቡሩ በፊት ስለ ግመሎቹ ልንገርሽ፤ ይህን ሳልነግርሽ አላልፍም።

ፈረስና በሬ ያንን በረሃ አልቻሉትም። ስለዚህ ቶማስ ኤልደር የሚባል ባለሀብት በ1866 መጀመሪያ ከካራቺ ከ120 በላይ ግመሎችና 31 ነጂዎች አስመጥቶ ፖርት ኦጋስታ ወደብ ላይ አወረደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃምሳ ዓመታት ገደማ እስከ ሁለት ሺህ ነጂና ሃያ ሺህ ግመል እንደ መጣ ይገመታል። አውስትራሊያውያን ሁሉንም «አፍጋን» አሏቸው እንጂ ከባሉቺስታንም፣ ከፑንጃብም፣ ከሲንድም የመጡ ነበሩ። ማሪ ዋናዋ መናኸሪያቸው ሆነች። ባቡሩ ያመጣውን ዱቄት፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ቆርቆሮ ጭነው እስከ ኩዊንስላንድ ጠረፍ ላሉ የከብት እርባታዎች ያደርሳሉ፤ ሲመለሱ የበግ ጸጉር ይጭናሉ። አንድ ብርቱ ግመል እስከ 600 ኪሎ ይሸከማል። አርባም ሰባም ግመል እርስ በርሱ ታስሮ ለሳምንታት ይጓዛል። በዚያ በረሃ አንድም ነጭ ቤተሰብ ያለ እነዚያ ሰዎች ክረምት ከበጋ ባልዘለቀ ነበር።

መሐንዲሷ፦ ኑሯቸውስ እንዴት ነበር?

መምህሩ፦ ሐዲዱ መንደሯን ለሁለት ከፍሏት ነበር። በአንድ በኩል ነጮቹ፣ ሆቴሉ፣ መደብሩ፤ በሌላው በኩል ግመል ነጂዎቹና ነባሮቹ ሕዝቦች። እዚያ ማዶ ከአውስትራሊያ የመጀመሪያዎቹ መስጊዶች አንዱን ሠሩ፤ እንጨትና ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ሣር፣ ፊት ለፊቱ መታጠቢያ ኩሬ። ዛሬ የምታዪው በአምሳያው የተሠራውን ነው። ቴምር ተከሉ፤ መንግሥትም አይቶ ራሱ የቴምር እርሻ ሞከረ። አንዳንዶቹ ከአረባናና ከሌሎች ነባር ሕዝቦች ሴቶች ጋር ትዳር መሥርተው ልጆች ወለዱ፤ የዘር ሐረጋቸውን ወደ ሁለቱም የሚቆጥሩ ቤተሰቦች አሁንም በዚያ አገር አሉ። የመቃብር ሥፍራው ለነጮች፣ ለአፍጋኖች፣ ለነባሮቹ ተብሎ ለሦስት የተከፈለ ነው።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ሕጉ ነው። በ1901 የወጣው የስደተኞች ገደብ ሕግ ሚስትና ዘመድ እንዳያመጡ በሩን ዘጋባቸው። በ1903 የወጣው የዜግነት ሕግ ደግሞ የእስያ፣ የአፍሪካና የፓስፊክ ደሴቶች ተወላጅ ዜግነት እንዳይጠይቅ ከለከለ። አፍሪካ የሚለውን ልብ በይ። ያኔ ብንመጣ እኔም አንቺም ከሐዲዱ ማዶ ነበርን። ሃምሳ ዓመት ለአንድ አገር ተሸክመው የአገሩ ሰው ሳይባሉ የሞቱ ሰዎች ናቸው።

መሐንዲሷ፦ ግመሎቹስ? የጭነት መኪና ሲመጣ ምን ሆኑ?

መምህሩ፦ በ1920ዎቹ ሥራ ፈቱ። ደቡብ አውስትራሊያ በ1925 ምልክት ሳይኖረው የሚባዝን ግመል እንዲገደል የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ብዙዎቹ ነጂዎች አብሯቸው ያረጀውን እንስሳ ከሚገድሉ ወደ ዱር መልቀቅን መረጡ። ዛሬ በአውስትራሊያ በረሃ ያሉት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የዱር ግመሎች የእነዚያ ዘር ናቸው። ማሪ በየዓመቱ የግመል ሽቅድምድም ታዘጋጃለች።

መሐንዲሷ፦ አሁን ባቡሩን ይንገሩኝ። ስለ ድሮው መስመር አንብቤያለሁ፤ ጎርፍ ሲመጣ ሐዲዱ ተጠርጎ ይሄዳል፣ ተሳፋሪ መሐል በረሃ ላይ ለቀናት ይቆማል። እውነቱን ልናገር፣ የመስመሩ አመራረጥ ስሕተት ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ ጎርፍ መውረጃው ላይ ሐዲድ እንዴት ይዘረጋል?

መምህሩ፦ ሐዲዱ ላይ ይሄድ የነበረው ምንድን ነው?

መሐንዲሷ፦ በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር… ገባኝ። ውኃ ይፈልጋል።

መምህሩ፦ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። የእንፋሎት ባቡር ከከብት ይልቅ ውኃ ጠጪ ነው፤ በየተወሰነ ርቀት ቦይለሩን ካልሞላ አይንቀሳቀስም። በዚያ በረሃ ውኃ ያለው ምንጮቹ ጋ ነው። ምንጮቹ ያሉት ዝቅተኛው መሬት ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ነው። ጎርፉም የሚወርደው ወደዚያው ነው። መሐንዲሶቹ ከጥማትና ከጎርፍ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ጎርፉን መረጡ። እኔ አልፈርድባቸውም።

ጠባቡ ሐዲድ፣ 1067 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከማሪ ተነሥቶ በ1891 ኡድናዳታ ገባ። ከዚያ ገንዘብ ጠፍቶ፣ ሐሳብ ተቀያይሮ፣ የመሐል አገሯ ከተማ አሊስ ስፕሪንግስ የደረሰው በ1929 ነው። ማሪ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ከብት የሚጫንባት ትልቅ ጣቢያ ነበረች። ከኩዊንስላንድ የሚነዳ መንጋ በርድስቪል መንገድ ላይ በሳምንታት ወርዶ ማሪ ባቡር ላይ ይወጣል። መንጋው በመንገድ እንዳያልቅ መንግሥት ከ1890ዎቹ ጀምሮ በየአርባ ኪሎ ሜትሩ ገደማ ጥልቅ ጉድጓድ እያስቆፈረ የዚያን ያንቺን የአርቴዥያን ውኃ አወጣ፤ አንዳንዱ ሊፈላ የደረሰ ሆኖ ነው የሚወጣው። በ1942 ዳርዊን በጃፓን ስትደበደብ ደግሞ ወደ ሰሜን የሚሄደው ወታደርና ስንቅ በዚህ መስመር አለፈ።

በ1957 ሰፊው፣ 1435 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ከደቡብ ማሪ ደረሰና እዚያ ቆመ። ከማሪ ወደ ሰሜን ጠባቡ ይቀጥላል። ስለዚህ ሰውም ዕቃም ከብትም ማሪ ላይ ወርዶ ሌላ ባቡር ይሳፈራል። ለመንደሯ ከዚህ የተሻለ ዕድል አልነበረም፤ ሠራተኛው በዛ፣ ቤተሰብ በዛ፣ ትምህርት ቤቱ ሞላ።

መሐንዲሷ፦ ግን በዚያው ዘመን የናፍጣ ባቡር መጥቷል።

መምህሩ፦ በ1954 ገባ። ቀጥዪ፤ የሚከተለውን አንቺው ንገሪኝ።

መሐንዲሷ፦ ናፍጣ ውኃ አይጠጣም። ውኃ የማይጠጣ ባቡር ምንጭ አይፈልግም። ምንጭ የማይፈልግ ባቡር ጎርፍ መውረጃ ላይ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። እኔም ብሆን አዲሱን መስመር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደረቁና ጎርፍ ወደማያጠቃው ምድር አወጣው ነበር።

መምህሩ፦ ያወጡትም እንደዚያው ነው። በጥቅምት 1980 ከታርኩላ አሊስ ስፕሪንግስ የሚወስደው አዲስ መስመር በስተ ምዕራብ ርቆ ተከፈተ፤ በማሪ በኩል የነበረው ጠባብ ሐዲድ ተዘጋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከደቡብ ይመጣ የነበረውም ቆመ። በግመል ነጂዎቹ ስም የተሰየመው «ጋን» የሚባለው ባቡር ከ2004 ወዲህ ዳርዊን ድረስ ቱሪስት ይጭናል፤ ነጂዎቹ የኖሩባትን መንደር ግን አያያትም። ብዙ ሰው ማሪን በረሃው ገደላት ይላል። በረሃው አልገደላትም፤ በበረሃው ምክንያት ነበረች። የተለወጠው ሞተሩ ነው፤ ውሳኔውም የተሰጠው በሌላ ቦታ ነው። አንድም የማሪ ሰው ሳያጠፋ መንደሯ ሥራ አጣች።

መሐንዲሷ፦ ታዲያ እስካሁን ለምን አልጠፋችም?

መምህሩ፦ የሚኖሩባት ሰዎች ስላልለቀቋት። ከማሪ በስተ ምዕራብ ፊኒስ ስፕሪንግስ የሚባል የከብት እርባታ ነበረ፤ ነባር ሕዝቦች በየቦታው ሲፈናቀሉ ብዙ የአረባና ቤተሰቦች እዚያ ተጠግተው ቋንቋቸውንና ምድራቸውን ይዘው ቆዩ፤ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ማሪ ገቡ። በ2012 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ካቲ ታንዳን ጨምሮ ሰፊ ምድር ላይ የአረባናን ባለ ርስትነት አወቀ። ከባቡሩም ከግመሉም በኋላ የቀሩት ከሁለቱም በፊት የነበሩት ናቸው። መንደሯ የራሷ ማዘጋጃ ቤት የላትም፤ ትምህርት ቤት አላት፣ በራሪው ሐኪም የሚባለው ድርጅት ክሊኒክ አለው፣ ነዳጅና ምግብ ይሸጣል፣ ሐይቁ ውኃ ሲያገኝ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሰው ጭነው ይነሣሉ።

ደግሞም መንገዱ አለ። ከ1936 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ቶም ክሩዝ የሚባል ሰው በጭነት መኪና ከማሪ በርድስቪል ደብዳቤ አመላልሷል። አሸዋ ላይ ብረት እያነጠፈ ይሻገራል፤ ኩፐር ሲሞላ ዕቃውን በጀልባ ያሻግራል፤ መኪናው ሲሰበር እዚያው ባገኘው ነገር ይጠግናል። ጆን ሄየር ስለሱ የሠራው ፊልም በ1954 ቬኒስ ላይ ዋናውን ሽልማት አግኝቷል። እኔ የማደንቀው ግን ፊልሙን አይደለም፤ በየእርባታው ብቻቸውን ለሚኖሩ ሴቶችና ልጆች ደብዳቤና መድኃኒት ማድረሱን ነው። በዚያው መንገድ ላይ በ1963 መጨረሻ አንድ አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ነዳጅ አልቆበት፣ ከመኪናው ርቆ ውኃ ፍለጋ ሄዶ ሁሉም በጥም ሞተዋል። መኪናሽ ከቆመ ከመኪናሽ አትራቂ፤ ይህን አጎትሽ ስለሆንኩ ነው የምልሽ።

መሐንዲሷ፦ አልርቅም፣ ጋሼ። በዚያ አካባቢ ምድር ላይ ስለተሳለው የሰው ምስልስ?

መምህሩ፦ በ1998 አንድ አውሮፕላን አብራሪ ከላይ አይቶት ነው የታወቀው። 2.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የአዳኝ ምስል፣ በማሽን ምድር ተጭሮ የተሠራ። ማን እንደ ሠራው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጋዜጣ ወደደው፤ በ2016ም እንደገና ተጭሮ ታደሰ። እኔ ግን አልወደውም። የሰው ርስት ላይ ሳያስፈቅዱ መሣል ነው። ከዚያ ይልቅ ስለ ምንጮቹ እንነጋገር፤ ወደዚያ የምትሄጂውም ለነሱ ነውና። እኔ እንደሚመስለኝ ምንጮቹን የሚያደርቀው የኦሊምፒክ ዳም ማዕድን ነው።

መሐንዲሷ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ቢያንስ እንደዚያ ተብሎ ብቻ አይታለፍም። የመዳብና የዩራኒየም ማዕድኑ በ1988 ነው ሥራ የጀመረው፤ በ1982 በወጣ ልዩ ሕግ የተፋሰሱን ውኃ የመውሰድ መብት አለው፤ በቀን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሊትር ይስባል። የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ለምንጮቹ ቅርብ ስለነበሩ በአካባቢው የአንዳንድ ምንጮች ኃይል ደክሟል። ይህ እውነት ነው። ሁለተኛው የጉድጓድ መስክ ራቅ ብሎ የተከፈተው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ነገር ግን ተፋሰሱ ግፊቱን ማጣት የጀመረው ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ከተቆፈረበት ከ1878 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ያለ መዝጊያ ሌትና ቀን ይፈሱ ነበር። በአፈር ቦይ ሲለቀቅ ከመቶ ዘጠናው በላይ ከብቱ ሳይጠጣው ይተናል፣ ይሰርጋል። ሚሊዮን ዓመት የተጓዘ ውኃ! በኩዊንስላንድ በኩል ብዙ ምንጮች ለዘለዓለም ደርቀዋል። ከ1999 ጀምሮ መንግሥትና አርቢዎች ወጪውን እየተጋሩ ጉድጓዶቹን ከድነዋል፣ ቦዩን በቧንቧ ተክተዋል፤ በዚህም ግፊቱ የተመለሰባቸው ቦታዎች አሉ። ጥፋቱን በአንድ ማዕድን ላይ ብቻ ካደረግነው ይህን የሚያህል ትምህርት እናጣለን።

መምህሩ፦ አርቢው ጥፋቱን አይቶ ጉድጓዱን ከድኗል። ማዕድኑ በልዩ ሕግ ነው የሚጠቀመው። ሁለቱ አንድ ናቸው?

መሐንዲሷ፦ አይደሉም። ሕጉን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የዛሬ አርባ ዓመት የተሰጠ መብት ዛሬ ባለን ዕውቀት መመዘን አለበት፤ በምዘናውም አረባናዎች ከጠረጴዛው መቅረት የለባቸውም። ምንጩን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እኛ የምንለካው ከጥቂት አሥርተ ዓመታት ወዲህ ነው።

መምህሩ፦ እንዲህ ካልሽ ተስማማን። ማሪ ሆቴል አጥታም ባቡር አጥታም ትኖራለች። ግመሉ ሄዷል፣ ቴሌግራፉ ሄዷል፣ እንፋሎቱ ሄዷል፤ ሁሉንም የጠራቸው ውኃ ግን አለ። እሱ ከደከመ ግን በዚያ አገር የሚተካው ሌላ ነገር የለም።

መሐንዲሷ፦ ስሄድ ምን ልጠንቀቅ?

መምህሩ፦ ምንጮቹ ጋ ስትደርሺ ከተሠራው መተላለፊያ አትውረጂ፤ ጉብታው ጠንካራ ይመስላል እንጂ ረግጠሽ ካፈረስሽው ለመመለስ ዘመናት ይፈጅበታል። ኩሬው ውስጥ እጅሽን እንኳ አታስገቢ፤ ቅባትና ሳሙና ለእነዚያ ፍጥረታት መርዝ ነው። ካቲ ታንዳ ስትደርሺ ከዳር ሆነሽ እዪ፤ አረባናዎች ወለሉ ላይ ሰው እንዲሄድበት አይፈልጉም፤ አሁን ደንቡም ይከለክላል። ከአደሌድም ከሜልቦርንም ለጉብኝት ወደዚያ ለሚሄዱ ወገኖቻችን ሁሉ ይህን አደራ ንገሪልኝ፦ ወደ ሰው ርስት ስትገቡ የባለ ርስቱን ቃል አክብሩ፤ ውኃችሁን ከዚህ ይዛችሁ ሂዱ።